መልሶ የማይጠራ ሻጭ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ሚኒባሱ ውስጥ ታጥፌ መጣሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አባባ፣ “የባቡሩስ ነገር?” አለኝ።

የባቡሩ ነገር... አባባ፣ እማ እና የአባባ እናት እማማ ሐዋ ለዑምራ ሊሄዱ ነው። የአውሮፕላኑ ትኬት ተገዝቶ አልቋል። የቀረው ከመካ መዲና የሚወስደው ባቡር ነው። አውቶቡስ ይረክሳል፣ የእማማ ወገብ ግን አይችለውም። እኔ ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ አጥቼ ቀሪ ነኝ። በምትኩ የትኬት ሹም ሆኛለሁ! ጂዳ ያለው ወንድሜ ሱሀይብ፣ “አንቺ መርጠሽ ላኪልኝ፣ በካርዴ እከፍላለሁ” ብሏል።

መዲና የእማማ ወንድም አለ፣ አብዱልሐሚድ። አባታቸው የመናዊ ነበሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልጁን ይዘው ሄዱ፣ እማማን ከእናታቸው ጋር እዚሁ ደሴ ተዉ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አሁን እሱ ከቤት አይወጣም አሉ፣ አርጅቷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ትኬቱ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ቀኑ አይቀየርም፤ ቀርተህ እንደሆነ ተቃጠለ። ወደድ ያለው ይቀየራል። ለአባባ አሳየሁት።

“ዝጊው” አለ።

“ምኑን?”

“ስልኩን። ዞር በይ። ነገ ሻጩ ራሱ ጠርቶ ይቀንስልናል።”

ሆጤ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው... “አባባ፣ ስልክ እኮ ነው! ማን ይጠራሃል?”

“የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” ብሎ ሊሰግድ ተነሳ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ዋጋው ጨመረ። አባባ፣ “መፈለጋችንን አውቆብናል። በእናትሽ ስልክ ክፈቺው” አለኝ። ከፈትሁት። ያው ነው። እማ እስክታነባ ሳቀች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

እማማ፣ “ባቡር ሳላይ ነው ባቡር የምሳፈር?” ብለው አስቸገሩኝ። ኮምቦልቻ ወስጄ ሐዲዱን አሳየኋቸው። በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

“ታዲያ ባቡሩ የታለ?”

“ይመጣል እማማ፣ ኢንሻአላህ።”

“እኔ ቀድሜው ልሄድ ነዋ!”

ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። ከዚያ የማላውቀውን ነገሩኝ። አባታቸውና አብዱልሐሚድ ወደ አሰብ የሄዱት በዚሁ በኮምቦልቻ በኩል ነው፣ በጭነት መኪና። “እስከ ባቲ ልሸኛችሁ ብዬ አልቅሼ ተሳፈርሁ። ኮምቦልቻ ላይ አወረዱኝ። ወላሂ፣ መኪናው እስኪጠፋ አየሁት።”

ቀጥለው፣ “መዲና የምንቆየው ስንት ቀን ነው አልሽኝ?”

ሁለት ቀን ነው። የመመለሻው አውሮፕላን ገና ከዚያ በኋላ ሳምንት አለው፣ አባባ ግን የጂዳን ገበያ ማየት አለብኝ ብሏል። ይህን ስነግራቸው አፈርሁ።

“አብሽሪ ልጄ። ሁለት ቀንም ቀን ነው።”

ለምን ሁለት ቀን? ለጨርቅ? ቀኑን ሙሉ ተናደድሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እንደገና ጨመረ፤ ርካሹም ሊያልቅ ነው። ከሥራ በቀጥታ አባባ ሱቅ ሄድሁ። አንዲት ሴት ስለ መጋረጃ ጨርቅ ከአባባ ጋር ተከራክራ ጥላው ወጣች። በሩን እንዳለፈች አባባ፣ “ነይ እሺ፣ በቃ ውሰጂው!”

ስትሄድ ጠብቄ፣ “አየህ? አንተ ሰው ስለሆንህ ትጠራለህ። ባቡሩ ማንንም አይጠራም። ዞር ባልን ቁጥር ሌላ ሰው ወንበራችን ላይ ይቀመጣል” አልሁት።

ሜትሩን ጠቀለለ፣ ፈታው፣ ጠቀለለ።

“ግዢው። ርካሹን ግን፣ ደርሶ መልስ።”

ገዛን። የእማማን መመለሻ ብቻ ቀኑ የሚቀየረውን አደረግሁት። ልዩነቱን ሱሀይብ ከኪሱ ቻለ። “የሦስቱንም ላድርገው?” አለኝ፣ ምስኪን። ኪሱን አውቀው የለ፣ ይበቃል አልሁት። ለአባባ እንዳይነግርም አስማልሁት። ከአባባ ተደብቄ እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ይበል!

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው። እማማ ከዘራቸውን ለፈታሹ አልሰጥም ብለው ነበር። ቤቱ ጭር አለ...

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዑምራቸውን ፈጽመዋል፣ አልሀምዱሊላህ። ዛሬ ባቡር ላይ ናቸው። ዘግይተን ስለገዛን ወንበራቸው ተበታትኗል። እማ እንዳለችው አንድ ወጣት ከእማማ ጎን እንድትቀመጥ ቦታውን ለቆላታል። እማማ ስልኩን ነጥቀው፣ “ዚክራ፣ ወገቤ መኖሩንም ረሳሁት!”

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ከመዲና የሚመለሱበት ቀን ነበር። ጠዋት አባባ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል።

አብዱልሐሚድ አማርኛው ጠፍቶበታል፣ እማማም ዐረብኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚውሉት። ትናንት ማታ ግን ድንገት በአማርኛ፣ “ኮምቦልቻ... አወረዱሽ” አላቸው። ሌላ አልጨመረም። አባባ ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

“እማማ አልነሳም አሉኝ እኮ። ዚክራ... የእማማ ትኬት ቀኑ አይቀየርም፣ አይደል?”

“ይቀየራል።”

“ማን አዘዘሽ?”

“ማንም።”

“... አላህ ይባርክሽ። የእኔና የእናትሽስ?”

“የእናንተ ይቃጠላል አባባ።”

“ይቃጠል! ሌላ ግዢልን፣ አውሮፕላኑ ለሚነሳበት ቀን።”

“ገበያውስ?”

“የጂዳ ገበያ የትም አይሄድም።”

ከፈትሁት። ዋጋው አናት ላይ ወጥቷል። ነገርሁት። አላስቻለኝም፣ “ዘግቼው ዞር ልበል? ነገ ይጠራን ይሆናል” አልሁ።

“አታሹፊ። በጠራው ዋጋ፣ አሁኑኑ።”

ገዛሁ፤ የእማማንም ቀን ቀየርሁ። ስልኩን ሲዘጋ እማማ ከኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው፣ አንድ ሽማግሌም አብሮ ይስቃል። በዚህኛው መንገድ ማንም አላወረዳቸውም።