የፍልሰታ ቁርስ

ልጄ ያምሮት፣ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምሽ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንዳንቺው እልኸኛ ናት።

እኔ አጎትሽ ግን ጅል ሆኜልሻለሁ። ጾም ስኳር በሽታን ያድናል ቢሉኝ መርፌዬን ትቼ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምሁ። በአራተኛው ቀን በቆሎው መሃል ወድቄ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ነቃሁ።

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ዮሐንስ መጥተው፣ «ገነነ፣ ንስሐህ ጧት ጧት መብላት ነው» አሉኝ።

«አባ፣ ይህን ንስሐ ቀድመው ቢሰጡኝ ብዙ ኃጢአት እሠራ ነበር» ብላቸው ሳቁ።

አሁን መንደሩ ሁሉ ሲጾም ደጄን ዘግቼ ብቻዬን እበላለሁ። እህሉ አይወርድልኝም፤ መርፌው ደግሞ ባዶ ሆድ አይወድም። የቤሩት ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው አሉ። አሠሪሽ ከፈቀደችልሽ፣ ጧት አንድ ሰዓት ደውዪልኝና አብረን እንብላ።

ማዕድሽ ሰው አይጣ።