የጋሼ የሱፍ ወፎችና ሁለተኛዋ መኪና

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም

ውድ ጋሼ የሱፍ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዋንዛዬ ፍል ውሃ አሻለው ወይስ እንዲያው ቀቅሎ ተወው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኛ ያልኩት እኔና ወፎችዎ ነን።

ደሞ ይሄን ማን ጻፈለት እንዳይሉ። እኔው ነኝ፣ ራሴ ከማል! መሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ ጠረጴዛው ነው የተንጋደደው። መርፌ የሚታዘዝለት እጅ ለእስክሪብቶ አይሸነፍም።

ሲሄዱ ያሉኝን አልረሳሁም። በረንዳው ላይ በጆንያ የተሸፈነችውን ሁለተኛዋን የስፌት መኪና በከዘራዎ ነካ አድርገው፣ «ከማል፣ እጅህን አላማውም። ጥድፊያህ ግን ሰው ያባርራል። ስመለስ ወፎቼ ግቢዬን ካልሸሹት ይህች መኪና ያንተ ናት። ከሸሹት ግን ቁልፍ እየተከልክ ትኖራታለህ» አሉኝ። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። ወፍ ማብላት ምን ሥራ ሆኖ ነው? ጠዋት አንድ እፍኝ ዳጉሳ፣ በየቀኑ የሚቀየር ንጹህ ውሃ፣ ጨው የነካው ፍርፋሪ እንዳይቀርባቸው፣ አጨዳ ሲደርስ ቀስ እያልክ ቀንስ። አለቀ።

እፍኟ ግን አነሰችብኝ። ከማል ቆጥቋጣ ነው እንዲባል አልፈልግማ! በማግስቱ ግማሽ ቁና በተንኩ። ጋሼ፣ ምነው ባዩ! ድንቢጡ፣ እርግቡ፣ ቁራው፣ ከእስቴ ድረስ ተጠርቶ የመጣ ነው የሚመስለው። ግቢው ሰርግ ቤት ሆነ። እኔም ደረቴን ነፍቼ መሐል ቆምኩ። ግና በልተው ሲጨርሱ ወደየቤታቸው አልሄዱም። አጥሩን ተሻግረው እትዬ ብዙነሽ ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ያሰጡት ብቅል ላይ አረፉ።

«አንተ ከማል! እንግዶችህ ብቅሌን ጨረሱት!»

«እትዬ፣ እኔ ያበላኋቸው ቁርስ ነው። ምሳቸውን የት እንደሚበሉ አልነገሩኝም።»

«አፍህን ያዝ! ጋሽ የሱፍ እያሉ አንዲት ወፍ ስጤን ነክታብኝ አታውቅም። ይምጡ ብቻ፣ አንድ በአንድ ነው የምነግራቸው!»

ይንገሩዎት፣ ምንም አልል። እኔ ግን አንዴ ካሰብኩ አሰብኩ ነው። ወደ አንድ እፍኝ ተመለስኩ፤ እሷንም ፀሐይ ሳትወጣ፣ እትዬ ብዙነሽ ስጥ ሳያወጡ በፊት። ለትንሽ እህል ቁራው አይለፋም፣ ቀረ። ድንቢጦቹ ለቅመው፣ ውሃቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ይህን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንቱም ቀድመው ብለውት ነበር፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ይኸኛውን ግን አንቱም አላሉኝም። አንድ ጠዋት አንዷ ድንቢጥ በአንድ እግሯ ስታነክስ አየኋት። ጠጋ ብዬ ባይ ከሱቃችን የወደቀ የካኪ ክር ጣቶቿን ተብትቦ ይዟቸዋል። ወንፊት በእንጨት ደግፌ፣ ሥሩ ዳጉሳ አድርጌ፣ መሬት ላይ ተኝቼ ስጠብቃት የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጓድ በላይነህ ከች አሉ።

«ጓድ ከማል፣ ሱሪዬስ?»

«ዝም ይበሉ ጓድ፣ ታማሚ አለብኝ።»

እንደገባች ወንፊቱን ጣልኩባት። መቀስ ስይዝ የሚይዝልኝ ሰው ጠፋ፣ ወፏን ለሳቸው አስጨበጥኳቸው።

«በቀስታ ይያዙ፣ አያጥብቁ።»

«ነከሰችኝ እኮ!»

«አይዞዎት። አብዮት ጠባቂ በድንቢጥ ተነከሰ ብዬ ለማንም አላወራም።»

«ብታወራ ነው የምታየኝ!» አሉ፣ ግን ይስቁ ነበር። ክሩን ቆርጬ አወጣሁላት። አንዲት ጣቷ ደርቃ ነበርና ወደቀች፤ እሷ ግን ተፈናጥራ በረረች። ከዚያ ወዲህ ክሩን ጠርጌ ሳልጨርስ አንዲት ፍሬ አልበትንም። እትዬ ብዙነሽ እንኳ «መጥረጊያ መያዝ ታውቃለህ ለካ» ብለውኛል። ምስጋና ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

አጨዳው ሲጀመር እንዳሉኝ ቀነስኩ። እፍኟ ግማሽ ሆነች፣ ግማሿ ቁንጥር ሆነች። ወፎቹም እየሳሱ ሄዱ። አንድ ጠዋት ብወጣ ውሃው አለ፣ የሚጠጣው የለም። አንቱ የሚመለሱበት ጊዜ ደርሷል። ጭር ያለ ግቢ አይተው «በል ቁልፍህን ትከል» ሲሉኝ ታየኝ። ዳጉሳው ደግሞ ከጆንያው ውስጥ ይጠራኛል። አንድ ቁና ብረጭ ነገ ግቢው ይሞላል፣ መኪናዋም የኔ ትሆናለች። ዘግኜ ነበር፤ መልሼ አፈሰስኩት። ሜዳው እህል ሞልቶት ሳለ የኔን እጅ ጠባቂ ባደርጋቸው፣ እኔ የሌለሁ ቀን ምን ሊበሉ ነው? ፈርቼ እንዳይመስልዎ፣ ፍርሃት የሚባል አላውቅም።

ይልቅስ ወደ ጋፋት ወጣሁ። የታጨደው የገብስ ማሳ ላይ ወፍ እንደ ጉድ ፈሷል! መሐላቸው ያቺ ጣተ ጎዶሎዋ ወፈር ብላ ትለቅማለች።

«አንቺ!» ብዬ ጮህኩ። ነዶ የሚሸከሙ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ማን ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ደንበኞቼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ነዷቸው ተመለሱ።

እቤት ስገባ መኪናዋን ልሰናበታት ብዬ ጆንያውን ገለጥ ሳደርግ አንዲት ነገር በጆሮዬ ሥር ቱር ብላ ወጣች። መሳቢያዋን ባይ ሳር፣ ጥጥ፣ የዶሮ ላባ ተጎንጉኖበታል። መሐሉ ላይ ሦስት እንቁላል! ጋሼ፣ ጮቤ ረገጥኩ! መሸሽ ይቅርና ገብተው ጎጆ ወጡበት! እትዬ ብዙነሽን ጠራሁ፣ ጓድ በላይነህንም ከመንገድ ጎትቼ አመጣሁ።

ግን ወዲያው ሌላው ነገር ታየኝ። ፔዳሏን ብረግጣት ጎጆው ይናጋል። አሸንፌ ያገኘኋትን መኪና መንካት አልችልም። ጓድ በላይነህ ሆዳቸውን ይዘው፣ «ወፎቹ እንደ ትርፍ ቤት አዋጁ ትርፍ መኪና ናት ብለው ወርሰውሃል! አቤቱታም የለህ!» አሉኝ። እትዬ ብዙነሽ ሲስቁ ነጠላቸው ወደቀ። እኔም ከሁሉ በላይ ሳቅኩ።

እንግዲህ ይምጡ። ዋናዋን መኪና ወልውዬ ዘይት አጠጥቻታለሁ፣ ይቀመጡባት። እኔ ጫጩቶቹ በረው እስኪወጡ በረንዳው ጥግ ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ። በፈቃዴ መሆኑን ግን እትዬ ብዙነሽ ፊት ይናገሩልኝ! አብረውዎት ላሉት ለእትዬ ሐሊማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አደራ፣ በረንዳውን ሲወጡ ከዘራዎን ቀስ አድርገው ያሳርፉ። መኪናዬ ውስጥ እናት ታቅፋለች።

ባለ መኪናው፣
ከማል