ከፎቶ ላይ የተነሣ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ቬስተርጎር
የቤት ሽያጭ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ስቬንቦርግ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ጤናን ያስቀደምኩት ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። ጤና ያጣ ሰው በድርጅትዎ ፎቶዎች ላይ ቦታ እንደማይሰጠው በዚህ ዓመት በገዛ ቤቴ ስላየሁ፣ እርስዎ በሚነሧቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ሳይጠፉ እንዲቆዩ ከልቤ ስለምመኝ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ቲራ ክሮግ እባላለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ፕሬበን ወደ ኤሮ ደሴት በሚመላለሱት መርከቦች ላይ ሠላሳ አራት ዓመት በሞተር ባለሙያነት የሠራ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑንና አብዛኛውን ንግግሩን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ አልጋው ሳሎናችን ውስጥ፣ ባሕሩን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነበር፤ የትኛው መርከብ እንደዘገየ ከእርሱ በፊት የሚያውቅ አልነበረም። ባለ ፎቁን ቤትና ጓሮውን ብቻዬን መያዝ ሲያቅተኝ፣ ሸጠን ሁለታችንም አንዲት ትንሽ አፓርታማ ልንገባ ተስማማን፤ ወደ እርስዎም መጣን። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፎቶ አንሺዎ ስለ አቶ ቶርኪል ትሕትና። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት መጥተው ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ገቡ፤ ፕሬበንንም በግራ እጁ ጨበጡት። ባለ ሦስት እግር ካሜራቸውን ሳሎኑ መሃል አቁመው፣ ካሜራው በራሱ እየዞረ ማዕዘኑን ሁሉ ስለሚያይ ሰው በሙሉ መውጣት እንዳለበት አስረዱን። ፕሬበንን ከአልጋው የምታነሣልኝ ነርስ እስከ ቀትር እንደማትመጣ ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና፣ «ግድ የለም፣ ወይዘሮ ቲራ፣ እዚያው ይተኛ። ኋላ በኮምፒውተር እናነሣዋለን» አሉኝ። አልጋውን ማለታቸው እንደሆነ አምናለሁ። ፕሬበን ግን ዓይኑን ጨፈነ፤ በበሩ ክፍተት ሳየው፣ ካሜራው ዞሮ እስኪጨርስ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥራው ጥራት። በአራተኛው ቀን ሰው ሁሉ በስልኩ ገብቶ ቤቱን የሚጎበኝበት ነገር ተጠናቅቆ ተላከልን፤ እኔም በጣቴ እየተራመድኩ ገዛ ቤቴ ገባሁ። የፕሬበን የመርከብ ባልደረቦች ከእንጨት የሠሩለት የዊልቸር መወጣጫ ጠፍቶ በቦታው ሣር በቅሏል። ደረጃውን የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ወንበር የለም። በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበሩት የብረት መደገፊያዎች የሉም። አልጋው በነበረበት ቦታ ግራጫ ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛና አንድ ሳህን አረንጓዴ ፖም ተቀምጧል። ያን ቀን በጉም ተሸፍኖ የነበረው ባሕር እንኳ ሰማያዊ ሆኗል።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ የራሴን ድርሻ ልደብቅ አልፈልግም። ክፍሉ አማረኝ። የመድኃኒትና የቅባት ሽታ የሌለበት ሳሎን ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበርና፣ ያ ሶፋ ላይ በዓይኔ ብዙ ተቀመጥኩበት። ከዚያም «አጽድቄያለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። ይህን ጥፋት በእርስዎ ሒሳብ ላይ አልጽፈውም፤ የእኔ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣኝም እርሱ ነው።

ፕሬበን «አሳዪኝ» አለኝ። ባትሪው አልቋል ብዬ ዋሸሁት። «ተሰክቷል እኮ» አለኝ፤ የሞተር ባለሙያ አይሸወድም። ሰጠሁት። ክፍሎቹን በግራ ጣቱ አንድ በአንድ ዞረ፤ ወደ ሳሎኑ ተመለሰና ሁለት ጊዜ ዙሪያውን አዞረው።

«እኔ የት ነኝ?» አለ።

«አንተ ድሮም ፎቶ አትወድም» ብዬ ሳቅሁ።

እርሱ አልሳቀም። «ቤቱ አምሮበታል» ብሎ መለሰልኝ።

ሦስተኛ፤ ቤቱ ለጎብኚዎች በተከፈተበት እሑድ፣ «መሣሪያዎቹ ከሰው ዓይን ገለል ቢሉ» በማለት ጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ ስላሳሰበን አመሰግናለሁ። መወጣጫው ከመነሣቱ በፊት ፕሬበን በእርሱ ላይ መውረድ ስለነበረበት፣ መጀመሪያ የተነሣው ፕሬበን ሆነ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጎረቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ በቀለም ቆርቆሮዎች መካከል፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ እየወረደ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሰዎች መጡ፤ አንዲቱ ሶፋው የት እንደሄደ ጠየቀችኝ። ቤቱን እፈልጋለሁ ያለ አልነበረም።

«በእኔ ምክንያት ነው» አለኝ ስመልሰው።

«ምኑ?»

«ሶፋውን ነው የሚፈልጉት። እኔ ልሂድላችሁ።»

ተቆጣሁ፤ ለመንኩ፤ አለቀስኩም። እርሱ ግን በማግስቱ ነርሷን ራሱ ጠይቆ፣ ለአረጋውያን መኖሪያው የሚሞላውን ማመልከቻ በግራ እጁ ፈረመ። ወትሮ ወራት የሚፈጀው ቦታ በሦስት ሳምንት ተገኘ። በሄደበት ጠዋት ወደ መስኮቱ አልዞረም።

አራተኛ፤ አሁን የምነግርዎ ምናልባት በሙያዎ ይጠቅምዎ ይሆናል። ፕሬበን ከሄደ በኋላ፣ መወጣጫውን ለሚፈልግ በነፃ እሰጣለሁ የሚል ወረቀት ሱቁ ደጃፍ ለጠፍኩ። በዘጠነኛው ቀን ራንዲ የምትባል የአውቶቡስ ሹፌር መጣች፤ ባሏ በሥራ ላይ አደጋ ደርሶበት በዊልቸር ነው የሚሄደው። ኮሪደሩን ገብታ የደረጃውን ወንበር፣ ለዊልቸር እንዲሰፉ የተደረጉትን በሮችና የመታጠቢያ ቤቱን ብረቶች ስታይ ቆማ ቀረች።

«ይሄ እኮ የሚሸጠው ቤት ነው!» አለች። «በስልኬ ሦስቴ ገብቼ አይቼዋለሁ። ደጁ ላይ መወጣጫ የለውም፣ ደረጃውም ለእኛ አይሆንም ብዬ ነው የተውኩት።»

ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ «እንዲህ ያለ ቤት ስንፈልግ ስድስት ወራችን ነው። ለምን ደበቃችሁት?» አለችኝ።

ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል፣ ማለትም ለእርስዎ፣ በአክብሮት አስተላልፌያለሁ። ራንዲና ባሏ ቤቱን ገዝተውታል፤ ደስ ብሏቸው ይኑሩበት። በመጀመሪያው ሳምንት እንደነበረ ቢያዩት ኖሮ ግን፣ ዛሬ አፓርታማዋ ውስጥ ለሁለት ሰው ምሳ እሠራ ነበር። አሁን በየቀኑ በአውቶቡስ ወደ ፕሬበን መኖሪያ እሄድና አጠገቡ እቀመጣለሁ። አብረን እንድንኖር በለመንኩት ቁጥር «እዚህ ለማንም አላስቸግርም» ይለኛል። ባለፈው ወር በልደቱ ቀን አንዲት አስታማሚ አንድ ላይ ልታነሣን ስልኳን ከፍ ስታደርግ፣ እጁን ወደ ዊልቸሩ ፍሬን ሰደደና፣ «ቆዪ፣ መጀመሪያ ልውጣላችሁ» አላት።

ካሳ አልጠይቅም። የምለምንዎ፣ ከእንግዲህ ሰው የተኛበት ክፍል ሲገጥምዎ፣ ከማንሣትዎ በፊት ያን ሰው በስሙ ጠርተው እንዲያስፈቅዱት ነው። ይህን ስል የድርጅትዎን የላቀ ጥበብ ለማሳነስ ሳይሆን፣ የአንድ ሰው መኖር የቤት ጉድለት እንዳልሆነ ለማሳሰብ ብቻ መሆኑን ተረድተው፣ ለደከመው አእምሮዬ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ።

ሁልጊዜም ውለታዎ ያለብኝ፣ በሚያነሡትም በማያነሡትም ፎቶ ላይ ያለሁት፣

ቲራ ክሮግ

ማሳሰቢያ፦ አገልግሎታችሁ ምን ያህል እንዳረካን የሚጠይቀው ቅጽ ደርሶኛል፤ ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። «በቤቱ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ብዛት» በሚለው ቦታ ላይ ሁለት ብያለሁ። እባካችሁ አታስተካክሉት።