የጨፌ ዋርካ ጠባቂ አቶ ታምሬ ይርጋ፤ ከአርባ አንዱ ፊርማ የመጀመሪያው

አቶ ታምሬ ይርጋ ከአባታቸው ከአቶ ይርጋ ገላው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቆንጅት አበጋዝ በ1953 ዓ.ም. ከሮቢት በስተምሥራቅ፣ በዞብል ተራራ ግርጌ ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል በሮቢት ተምረዋል። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው ማሽላ እያረሱ እናታቸውን ጦሩ። በ1977ቱ ድርቅ በአካባቢው ያልነጠፈው የጨፌ ዋርካ ምንጭ ብቻ ነበር። ከቤተሰባቸው የተረፈው ሁሉ የተረፈው ከአጋዘኖቹ ጋር ከዚያ ምንጭ እየጠጣ ነው። አቶ ታምሬ ይህን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ታንጉት መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማንያህልሻልን፣ ምትኩን እና ሔራንን ወልደዋል።

በ1981 ዓ.ም. ጨፌ ዋርካ የዱር እንስሳት ፓርክ ሆኖ ሲከለል በጥበቃ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ጠባቂው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ እርሳቸው ያለ ደመወዝ አሥራ አንድ ወር ብቻቸውን ጠብቀዋል። በሥራቸው ላይ ቁጡ ነበሩ። የባለቤታቸውን አጎት ግራር ሲቆርጡ ይዘው ቆቦ ድረስ ወስደው አስረክበዋል። ወይዘሮ ታንጉት በዚህ የተነሣ አንድ ሁዳዴ ሙሉ አላናገሯቸውም። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ጥበቃውን አላቆሙም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፓርኩ ስድስት መቶ ሄክታር ለሽንኩርት እርሻ እና የእርሻውን የጉድጓድ ውሃ ለሚስብ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይሰጥ የሚል ጥያቄ መጥቶ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ታምሬ ተነሥተው ተቃወሙ፤ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። በመጨረሻ የፓርኩ የኅብረተሰብ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዘላለም ፍቅሩ ወረቀት ይዘው መጡ። “አያ ታምሬ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ለምሳ ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው” አሏቸው። አቶ ታምሬ በተራ ቁጥር አንድ ላይ ፈረሙ። እርሳቸውን አይቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ፈረመ፤ አርባ አንደኛው አቶ ዘላለም ነበሩ። ምሳው ዳቦና ለስላሳ ነበር። ያ ወረቀት “ሕዝቡ መሬቱን ለመልቀቅ ተስማምቷል” ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ወደ ቆቦ ሄደ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ዶዘር ግራሩን መንቀል ሲጀምር አቶ ታምሬ ፊቱ ቆሙ። ከእርሻው ዘበኞች አንዱ ጀርባቸውን በብረት መታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ምርኩዝ ቆመው አያውቁም። ጉድጓዶቹ ውሃውን ስበው ምንጩ በዓመቱ ደረቀ። የተጠሙት እንስሳት በእርሻው ውስጥ ወደ ተቆፈረው፣ ፕላስቲክ ወደ ተነጠፈበት የውሃ ማጠራቀሚያ ይወርዱ ጀመር። ፕላስቲኩ ስለሚያንሸራትት የወረደ አይወጣም።

መጀመሪያ የሰመጠችው እርጉዝ አጋዘን ነበረች። አቶ ታምሬ ከልጃቸው ከምትኩ ጋር ጎትተው አወጧትና በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ገዛ ቤታቸው አመጧት። ቁጥር አንድ እኔ ነኝ ብለው ከደጃቸው ላይ ቀበሯት። በማግስቱ ቆቦ ሄደው ፊርማቸውን በጽሑፍ ሰረዙ፤ የፈራሚዎቹን ዝርዝር ቅጂም ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሰመጠውን እንስሳ ሁሉ በወረቀቱ ተራ ቁጥር መሠረት ወደ ፈራሚው ደጅ ይወስዱ ጀመር። ጋሪው ብቅ ሲል ሰው “ዛሬስ የማን ተራ ነው?” እየተባባለ ይጠይቅ ነበር። ተራው ሰባተኛ ፈራሚ ከነበሩት ከወይዘሮ ሀጀራ ሲደርስ፣ “አያ ታምሬ፣ ወላሂ እኔ ለዳቦው ነው የፈረምኩት” አሏቸው። “እኔስ ለምን የፈረምኩ መሰለሽ? አካፋ አምጪ፤ ቀብረን እንሂድና ሰርዢ” አሉ። ከአሥራ አንደኛው ደጅ በኋላ ሰዉ ጋሪውን ሳይጠብቅ መሰረዝ ጀመረ። እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. አርባው ሰርዟል። ከዚያ ወዲህ ጋሪው የሚያውቀው አንድ ደጅ ብቻ ነው። በአቶ ዘላለም በር ላይ አራት መቃብር አለ።

አቶ ዘላለም ሽማግሌ ልከው ነበር። አቶ ታምሬ፣ “ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ፊርማውን አንሥቶ ይምጣ፤ እግሩን አጥቤ እቀበለዋለሁ” ብለው መለሱ። ቂም ይዘው የሰንበቴውን ጽዋ እንዳይጠጡም ሃያ ስድስት ዓመት ከኖሩበት ሰንበቴ በፈቃዳቸው ወጡ።

ከሚያዝያ ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆዩ። የንስሐ አባታቸው ይቅር እንዲሉ ሲለምኗቸው፣ “ስለ ጀርባዬ ይቅር ብያለሁ። ስለ ጨፌው ይቅር የምል ግን እኔ ማን ነኝ? የተጠማሁት እኔ አይደለሁም” አሉ። ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ፊርማውን የሰረዘው ሕዝብ መሬቱ ለፓርኩ እንዲመለስ ፍርድ ቤት ያቀረበው ክርክር ለሐምሌ 3 ተቀጥሯል። በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ የቀረው የሰብሳቢው ፊርማ ብቻ ነው።

የኑዛዜ ቃላቸው አጭር ነው። ፊርማው ከዚያ ወረቀት ላይ ያልተነሣ ሰው አፈር እንዳያለብሳቸው ተናዘዋል። አቶ ዘላለም እዚህ መካከላችን መገኘታቸውን ቤተሰቡ አይቷል። የመሰረዣው ማመልከቻ ተጽፎ በድንኳኑ በር ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አካፋው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። እስክሪብቶው ይቅደም።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ጥም በሌለበት ያሳርፍልን። ምንጩን ላደረቁት ደግሞ የእጃቸውን የሚያዩበት ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው።