የጎመን ትል

ጥቅምት 6፣ ጧት
ደብተር፣ ወንድሜ ገመቹ ዛሬም ጉንጩን ይዞ ነው ባጃጁን ያስነሳው። አንዱ መንጋጋው ወልቆ ሌላኛውም መወዛወዝ ጀምሯል። ገና ሚስት እንኳ ያላገባ ሰውዬ! «ኦቦ ወላቃ» አልኩት። ጫማ ወረወረብኝ፣ ሳተኝ። ሁልጊዜ ይጠማዋል። በየኪዮስኩ ቆሞ ለስላሳ ይጨልጣል፣ ከዚያ በየአጥሩ ይሸናል። የኛ ጓሮ አጥር ሥር ጉንዳን እንደ ቀበሌ ስኳር ወረፋ ተሰልፏል። ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ተሣቀ።

ጥቅምት 9
ጤ/ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጥርሱን አንነቅልም፣ መጀመሪያ ደም ይታይ አለች። ይጠማሃል? ከስተሃል? ላስቃት ብዬ የጉንዳኑን ነገር ጣል አደረግኩ። አልሣቀችም። ጣቱን ወጋችው። ስኳር በሽታ። አፍ ይደርቃል፣ ድድ ይቆስላል፣ ጥርስ ይበላል፤ ለስላሳው ደግሞ ያባብሰዋል። ስኳሩ ሳይወርድ ከተነቀለ ቁስሉ አይድንም፣ ነገውኑ ሆስፒታል ሂዱ አለች። ገመቹ በመልሱ ኪዮስክ በር ላይ ባጃጁን አቆመ።

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ ከሰዓት
ጉደር ገበያ ሄዶ አስነቅሎ መጣ! ሆ/ል ዝር አላለም። የገበያው ጥርስ ነቃይ የጥርሱን ትል አውጥቶ አሳይቶታል፤ በጥጥ ጠቅልሎ ይዞት መጥቷል። «ይኸው ስኳርህ! ትል ነው!» አለኝ፣ ደም እየተፋ። አየሁት። አረንጓዴ ነው። የጎመን ትል! እኔ በስንቱ ሰው ምሳ ውስጥ የከተትኩት! ሙያዬን አጣዋለሁ? ማልኩ፣ ተገዘትኩ። እማዬ እንኳ አላመነችኝም። አንተ ደግሞ መቼ እውነት አውርተህ ታውቃለህ አለች።

ልክ ናት። እሱ ነው የሚያመኝ።

ጥቅምት 14፣ ጧት 2፡00
ጉንጩ እንደ ድፎ አብጧል። ያንቀጠቅጠዋል። ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ሆ/ል እንሂድ ስለው ትሉ ወጥቷል ይላል። ለስላሳ ግዛልኝ ይላል። ውሃ ሰጠሁት፣ ረገመኝ። እማዬ ትጸልያለች።

እውነት አልሠራችም። እንግዲህ የማውቀውን ልሥራ። ቁልፉን ሰርቄ ባጃጁን ሆ/ል በር ላይ አቁሜ በጋሪ ተመለስኩ። ጋሪው ደጅ ይጠብቃል። ትራፊክ ባጃጅህን ይዞታል፣ ሆ/ል በር ላይ ነው፣ ባለቤቱ ይምጣ ብሏል እለዋለሁ። ለባጃጁ ከመቃብርም ይነሣል።

2፡20
አመነኝ! እውነቱን ስነግረው ያላመነኝ ሰውዬ። ግድግዳ ይዞ እየተነሣ ነው፣ ጫማዬ የታለ ይላል። ያው የወረወረብኝ ጫማ፣ አልጋ ሥር ነው። እግሩ አልገባ አለ፣ አብጧል እንዴ እሱም? ቆይ ደብተር፣ ላስርለትና ወደ ጋሪው ላውጣው።