ማኑን የመታችው ኳስ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ሬክስዴል ያለው የአባዬ መጋዘን ዋልኩ። የሩዝና የምስር ጆንያ ሳወርድ ወገቤ አለቀ። አባዬ ደስ ብሎታል፤ ኤግሊንተን መንገድ ላይ ሁለተኛውን ሱቅ ሊከፍት ነው። «ሪድዋን፣ ከጁን ጀምሮ አንተ ትይዘዋለህ» አለኝ። እህቴ ፊርደውስ ቀና ሳትል ትዕዛዝ ትመዘግባለች።

አያቴ ነጋዴ፣ አባዬ ነጋዴ... እኔስ? የብሔራዊ ክሪኬት ቡድን ትራያል፣ የተጫዋች መምረጫው፣ ጁን 7 ነው። እንዴት ይነገረዋል?

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ዛሬም አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10



ፕራክቲስ ነበር። እኔ ኳሷን እወረውራለሁ፣ ማኑ በዱላ ይመታል። ማኑ... ልጅ ሆነን አንድ ፎቅ ላይ ስንኖር ክሪኬት ያስተማረኝ። «ፈጠን አድርጋት! ፈራህ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። መሬት አንጥሬ ወደ ደረቱ ሰደድኳት። ፊቱን አዞረ። ከሄልሜቱ ሥር አንገቱን አገኘችው።

ወደቀ። አልጮኸም። ያስፈራኝ እሱ ነው... አለመጮሁ።

አምቡላንስ። ሆስፒታል። እናቱ ኮሪደሩ ላይ አየችኝ፤ ፊቷን አዙራ ወደ እሱ ገባች።

እሑድ፣ ሜይ 11

አልነቃም።

አባዬ ሰማ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠፋው ለዚህ ነው? ሰው ልትገድል?» ጫማዬንና ኳሶቹን በፌስታል አድርጌ ጣልኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ነቃ! አልሐምዱሊላህ። ቀስ እያለ ይድናል አሉ። ግን ሁሉም ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ልጠይቀው ሄድኩ። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ... ምን ብዬ ልግባ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ማኑ ራሱ ኮል አደረገ።

«ለምን አትመጣም?»

«አቁሜያለሁ። ክሪኬቱን።»



«ፈጠን አድርጋት ያልኩህ እኔ ነኝ። አሁን አንተ ካቆምክ እሱንም እኔ ልሸከመው ነው? በቃኝ፣ አንገቴ ራሱ ከብዶኛል።»

ማታውኑ ሄድኩ። ሁለታችንም አለቀስን።

ሰኞ፣ ጁን 2

ነገርኩት። እራት ላይ።

«አባዬ፣ ሱቁን አልይዝም። ቅዳሜ ትራያል አለኝ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ያ ልጅ እንደዚያ ከሆነ በኋላ?»

«አዎ።»

«አያትህ ሐረር የጀመረውን ታዲያ ማን ይያዘው?»

«እኔ!» አለች ፊርደውስ።

ሁለታችንም ዞርን። ፊቷ ቀልቷል።

«ዕቃ የማዘው እኔ፣ ከአስመጪዎቹ ጋር የምከራከረው እኔ። አንድ ቀን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

አባዬ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። በሩን ዘጋ። እኔስ መች ጠየቅኳት?

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ጫማው የማኑ ነው፤ ትንሽ ጠበበኝ። «እግርህን ሳይሆን ኳሷን አስብ» ብሎ ሰጠኝ።

የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ሁሉ ዝቅ አድርጌ ወረወርኩ። አሰልጣኙ ጠራኝ። «ከፍ ብላ ትንጠር። ካልቻልክ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ሮጥኩ። የሚታየኝ የመቺው አንገት ብቻ... ለቀቅኳት።

ጎንበስ አለ። በላዩ አለፈች።

ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሽ ፈለግኩ። «ደህና ነህ?» አለኝ መቺው። እኔን! ተነሳሁ፤ ደግሜ ወረወርኩ።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ተጠባባቂ ሆኜ ገባሁ። ዋናው ውስጥ አይደለሁም፤ ግን ገባሁ። ማኑ ዘንድሮ አይጫወትም። ከዚያ በኋላስ? ሐኪሞቹም አያውቁም።

ከቡድኑ ጋር የመጀመሪያ ፕራክቲሳችን ዛሬ ነበር። ልንጀምር ስንል ፊርደውስ ከኤግሊንተን ደወለች። አባዬ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ እጇ ላይ አድርጎላታል። እኔን ካኮረፈኝ ሁለት ሳምንት ሆነው።

«አሁን አንድ ደንበኛ መጥቶ አባዬን ‹ጋሽ ዙበይር፣ ልጅዎ ጠፋ፣ የት ሄደ?› አለው» አለች።

«እሺ... አባዬ ምን አለ?»

«‹ሥራ ላይ ነው› አለ።»

አሰልጣኙ ስሜን እየጠራ ነበር። ስልኩን መዝጋት አቃተኝ።