የበራሶን ነፍስ ስጠብቅ

ሰኞ
ባሌ ዛሬም በባጃጅ ሹፌር ላይ ጮኸ። ጭቃ ረጨብኝ ብሎ፤ ያውም ከንስሐ አባታችን ቤት ስንመለስ። «በራሶ፣ እሑድ እንቆርባለን እኮ» ስለው፣ «እሑድ ሲደርስ እተዋለሁ» አለኝ።

ልጆች ድረን፣ ፀጉራችን ሸብቶ ነው ለዚህ የበቃነው። ባልና ሚስት ደግሞ የሚቆርቡት አብረው ነው፤ እሱ ካበላሸው የእኔም ቀረ። አባ «እስከ እሑድ ነፍሳችሁን ጠብቁ፤ ዓይናችሁን፣ አፋችሁን፣ ልባችሁን» ብለውናል። የእኔ አያሳስበኝም። የሱ ነው።

ማክሰኞ
በራሶን የሚያስቆጡት፦ ኳስ በሬዲዮ። የጎረቤት ፍየል። ረኃብ።

ሬዲዮዋን የጤፍ ጆንያ ውስጥ ደበቅኳት። ፍየሏን ራሴ አባረርኩ። ለረኃቡ ግን መላ የለኝም። በዚህ ዕድሜው ሲርበው እንደ ሕፃን ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ደግሞ ያምርበታል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመ። ማንንም አልሰደበም። ሬዲዮዋን ሲፈልግ ዋለ፤ እኔም አብሬው ፈለግኩ።

ሐሙስ
ወንድሙ ጅግሶ ከሚኖርበት ከቡሌ መጣ። ጅግሶ ጴንጤ ነው፤ እናታቸው ስትሞት በማን ሥርዓት ትቀበር ተባብለው ከተጣሉ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ከተገናኙ እሑድ አበቃላት። ከበር ላይ «በራሶ የለም» አልኩት።

ጅግሶ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ሲያወራ ሁልጊዜ ወንድ ያደርገኛል። «ትቆርባላችሁ አሉ» አለኝ። «ከወንድሙ ተጣልቶ እንዳይቆርብ ብዬ ነው የመጣሁት። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው። በቃ፣ መጥቶ ነበር በለው።»

ያን ጊዜ ባሌን ልጠራው ይገባኝ ነበር። ግን የለም ብያለሁ፤ አፈርኩ። በራሶ ጓሮ ቡናውን እየኮተኮተ ነው፣ ድምፁ ይሰማል። ጅግሶም የሰማ መሰለኝ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሰጠኝና ተመለሰ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ውሃ እንኳ አላልኩትም።

ዓርብ
«ይሄ ቆጮ የቡሌ ነው፣ ከየት አመጣሽው?» አለኝ በራሶ። «ከገበያ» አልኩ። ውሸት ውሸትን ይጎትታል።

አባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የባልሽን በር ስትጠብቂ የራስሽ ክፍት ሆኖ ሰነበተ» አሉኝ። «ሂጂና ንገሪው።»

ማታ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ፈራሁ።

ቅዳሜ
ነገርኩት። የሬዲዮዋንም ጨምሬ። ይጮኻል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስገልጥ ጫማውን እያሰረ ነው። «ተነሺ፣ ቡሌ እንሂድ» አለ።

የተሳፈርንበትን መኪና ጭቃ ያዘውና የቀረውን በእግር ሄድን። ዳገቱን እጄን ይዞ አወጣኝ። ጅግሶ ደጅ ላይ ነበር። እኔ ቀደምኩ፦ «ቤት ነበረ፤ ዋሸሁህ።»

«አውቃለሁ፣ አትጨነቅ» አለኝ። «የወንድሜን አኮታኮት ከልጅነቴ አውቃለሁ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። በጌዴኦኛ ካወሩት ግማሹን ነው የሰማሁት፤ እሱም ስለ እናታቸው ነበር።

እሑድ፣ ቡሌ
ሌሊቱን ዘነበ፣ መንገዱ ተዘጋ። ቅዳሴው ያለ እኛ አለቀ። አባ ስደውልላቸው «ለሚመጣው እሑድ ተዘጋጁ፣ ጅግሶንም ሰላም በሉልኝ» አሉ። ከፋኝ፤ ግን ደግሞ ቀለለኝ።

በራሶ አጠገቤ ተቀመጠ። «በዚህ ሳምንትስ ማንን ልትጠብቂ ነው?»

«ራሴን።»

ትንሽ አሰበና «አይዞሽ» አለኝ፣ «እሷ ከእኔ ትብሳለች።»